ከቧንቧው ሥር የታሰረው ድስት

አባወራውን ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት፤ ለሙገሳ ግን አይደለም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከመታጠቢያው ሥር ጠብ ጠብ ሲል «ላስተካክለው» ብሎ ከነካካው ወዲህ ውሃው ይንዠቀዠቃል። ያላት አንድ ትልቅ ድስት እዚያው ሥር ስለተደቀነ ቤተሰቡ ሳምንቱን በደረቅ ዳቦ ገፋው።

ታናሽ ወንድሙ ስመ ጥር የቧንቧ ሠራተኛ ነው። «እሱን ጥራና ድስቴን አስፈታልኝ» ብትለው፣ «አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ ልለምን?» አለ። እሷው ደወለች።

ወንድምየው መጥቶ ያለቀችውን ጎማ በአዲስ ሲተካ፣ ኢንጂነሩ ባትሪ ይዞ ከኋላው ቆሟል።

«ቀስ እያልክ፣ እንዳሳየሁህ።»

«እሺ ጋሼ።»

ውሃው ቀጥ አለ።

«ቀድሜ ባላላላልህ ኖሮ መች ትፈታው ነበር?» አለ ኢንጂነሩ ደረቱን ነፍቶ።

«እውነትህን ነው፤ ቤቱንም አብረህ አላልተኸዋል» አለች ሚስቱ።

ድስቷን አጥባ ምስር ጣደች። ወንድምየው ገና ከበር ሳይወጣ ከኋላዋ የብረት ድምፅ ሰማች። ባሏ መፍቻ ይዞ ከመታጠቢያው ሥር ገብቷል።

«ትንሽ ላጥብቃት ብዬ ነው።»

ምስሩን መጥበሻ ላይ ገለበጠችና ድስቱን ወደ እስር ቤቱ መለሰችው።