በሞቴ የማይል ኢሜይል

ሰው ሲጨነቅ ማየት ከፈለጋችሁ ለአንድ የጎጃም ሰው የድጋፍ ማመልከቻ ስጡትና ስለ ራሱ ይጻፍ። እኔ እንኳ ምላሴ አያርፍም እየተባልሁ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሳይኮሎጂ ሳስተምር ፀጉሬ የሸበተ ሴትዮ፣ "ለዚህ ለምን ይመጥናሉ?" የምትለው ጥያቄ ጋ ስደርስ ጠረጴዛ መወልወል ጀምሬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙያ ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ነው፤ ማስታወቂያ ወጣ። ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ጀማሪ ባለሙያዎች የጉዞና የማረፊያ ድጋፍ ያመለክታሉ። ነባሮቹ ደግሞ ሜንተር ለመሆን ያመለክታሉ። ሜንተር ማለት መካሪ ነው፤ ለጉባኤው ቀናት አንድ ጀማሪ ይሰጡሻል፣ አብረሽው ትቀመጫለሽ፣ የከበደውን ትሰሚዋለሽ። አንብቤ ሳልጨርስ ያሰብሁት እሷን ነው።

እሷ የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ የመርጡለ ማርያም ልጅ። ይጁቤ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆና ትሠራለች። ክፍሏ ድሮ የስፖርት ዕቃ መጋዘን ነበረች፤ ዛሬም ጥግ ላይ የተነፈሰ ኳስ ተቀምጧል። ሰሞኑን አገሩ ያየውን ሁሉ ልጆቹ እዚያች ክፍል አምጥተው ያራግፉባታል። አባቱን ያጣው አለ፤ ሳትፈልግ የታጨችው አለች፤ ትምህርቱን አቋርጦ ተመልሶ ፊደል የጠፋበት አለ። እሷ የምታራግፍበት የላትም። ጥር ላይ ደውላ "መምህር፣ ሰኔ ላይ ሥራውን ልተወው ነው። እህቴ ባሕር ዳር ሱቅ ከፍታለች፤ እሷ ጋ እገባለሁ" አለችኝ። "ምን ሆነሽ?" ብላት "ኧረ ምንም፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" እሷ ከሄደች የዚያች ክፍል በር ይቆለፋል። የሚተካት ሰው የለማ።

ቅዳሜ ቀን ማርቆስ ጠራኋትና ቢሮዬ ተቀምጠን አብረን አመለከትን። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል።

"የሠራሽውን ጻፊ" አልኋት።

"ምን ሠራሁና?"

"አንቺ ልጅ፣ አታድርቂኝ!"

ጉባኤው ላይ ልታቀርበው የምትችለው ሥራ ግሩም ነበር። ተማሪ ወደ ክፍሏ ሲገባ "እንዴት ነህ?" ትለዋለች። "ደህና" ይላታል። እኛ የተማርነውና ያስተማርነው ሰውን አትግፉ፣ የሰጣችሁን ተቀበሉ የሚል ነው። እሷ ግን በእኛ አገር የመጀመሪያው መልስ የወግ ነው፣ የሰውየው አይደለም ባይ ናት። ምግብ ሲያቀርቡልን "በልቻለሁ" እንላለን። ባለቤቲቱ "በሞቴ" ትላለች። "ኧረ ጠግቤ ነው" እንላለን። "አፈር ስሆን" ስትል ነው እጃችን የሚዘረጋ። ሐዘንም እንደዚሁ ነው ትላለች። ስለዚህ ትንሽ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ዝናቡ ታወራና መልሳ ትጠይቃለች፤ ደግማም ትጠይቃለች። ልጆቹ የሚያለቅሱ ያኔ ነው።

ይህንን ጻፊው ስላት "እናቴም የምታውቀውን ነገር ጉባኤ ይዤ ልቅረብ?" አለች። እኔ እየነገርኋት፣ እሷ "ይቺን እናውጣት፣ ጉራ ትመስላለች" እያለች፣ ስንጨቃጨቅ ውለን ጨረስን። የእኔን ማመልከቻ ስታይ ግን ሳቋን መቻል አቃታት። ለመካሪነት ለምን ይመጥናሉ ለሚለው "ጆሮ አለኝ፣ ዕድሜም አለኝ" ብዬ ጽፌ ነበር።

ሁለታችንም አለፍን። ደውዬ "ደረሰሽ?" ብላት "ደረሰኝ፣ ተመስገን" አለች። ደስታዬን አትጠይቁኝ! የአውቶቡስ ቦታ አብረን እንያዝ ስላት ግን "እርስዎ ይያዙ፣ እኔ እደርሳለሁ" አለችኝ። ሌላ ቀንም ብደውል ያው ነው። ነገሩ አላማረኝም፤ ለጉባኤው አስተባባሪ ደወልሁ። ድምፁ የወጣት፣ ጨዋ ልጅ ነው።

"ዶክተር፣ እሳቸው እኮ ድጋፉን አልቀበልም ብለዋል።"

"ዶክተር አይደለሁም። ምን ብላ ጻፈች?"

"'ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ፤ ከእኔ የሚብስበት ሰው አይጠፋምና ለእሱ ይሁን' ነው የሚለው።"

"እናንተስ ምን አላችሁ?"

"ስለ ቅንነትዎ እናመሰግናለን ብለን ለተጠባባቂው ሰጠነው።"

"ወይ ጉዴ! አንዴ ጠይቃችሁ ብቻ?"

"ስንት ጊዜ መጠየቅ ነበረብን?"

"ልጄ፣ ሰው ቤት ገብተህ አታውቅም? ብላ ሲሉህ ወዲያው ነው የምትጎርስ?"

"ኢሜይል ነው እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ኢሜይል በሞቴ አይልም። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ብቻዬን ተናደድሁ።

በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ይጁቤ ወረድሁ። መንገዱን ሙሉ የምላትን ስደረድር ነበር። የእሷ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ እሺ፤ የእኔ የመካሪነት ቦታ ግን አለ፤ በእሱ ትሄዳለች። ቤቷ እንደ ገባሁ ሽሮ አቀረበች፤ ጾም ነበር።

"በልቼ ነው የመጣሁ" አልሁ። ቁርስም አልቀመስሁ።

"በሞቴ።"

"አየሽ!" ብዬ ጮህሁባት። "አዲስ አበባ ያሉትም በሞቴ እንዲሉሽ ነው በኢሜይል የተግደረደርሽ? ስትግደረደር ጾሟን አደረች ሲባል አልሰማሽም?"

አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። "ልክ ነዎት፤ ይሉኝታ ይዞኝ ነው" አለች።

በቃ፣ እንዳልሁት ነው አልሁ በልቤ። ሽሮዬን በላሁ። በእኔ ቦታ ሂጂ ብላት "አይሆንም መምህር" አለች፤ ሳትስቅ። የመመለሻ መኪና እንዳያመልጠኝ ቦርሳዬን አንሥቼ በሩ ጋ ስደርስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይሉኝታ የሚለውን መልስ እኔው ነኝ ያጎረስኋት። እሷ ዋጥ አድርጋ መለሰችልኝ እንጂ የራሷን አልነገረችኝም። ተመልሼ ተቀመጥሁ።

"ለምንድን ነው እንቢ ያልሽ?"

"ነገርሁዎት እኮ።"

"አፈር ስሆን።"

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋችው። "ከሄድሁ የማልመለስ መስሎኝ ነው" አለች። "እዚያ የሚሰማኝ ሰው ይሰጡኛል አይደል? አንዴ ከሰማኝ ተመልሼ ያቺ ክፍል መግባት ያቅተኛል። እስከ ዛሬ የቻልሁት ማንም ስላልነካው ነው። ሰኔ ድረስ፣ ልጆቹ ፈተናቸውን እስኪጨርሱ ብቻ ልቻለው ብዬ ነው። ባልመለስ ማን ደግሞ ይጠይቃቸዋል?"

እንባዬ መጣ። አልደበቅሁትም።

"እኔ እጠይቃቸዋለሁ" አልኋት። "አንቺ እዚያ ስትቀመጪ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ። ባትመለሺም እስከ ሰኔ እየተመላለስሁ እጠይቃቸዋለሁ።"

"እንዴት ተደርጎ! እርስዎ?"

"በሞቴ።"

"ኧረ አይሆንም፣ መምህር።"

"እኔ ልሙትልሽ።"

በጣም ቀስ ብላ "እሺ" አለች።

በእኔ ቦታ እሷ ትምጣ ብዬ ብደውል አስተባባሪው እንዲህ ያለ አሠራር የለም አለኝ። መልሼ ጠየቅሁት። አይቻልም አለ። ደግሜ ልጠይቀው ስጀምር ሳቀና "ገባኝ፣ ገባኝ፤ ይምጡ፤ መካሪም እንፈልግላቸዋለን" አለ። እኔ ትምህርቴን ለባልደረባዬ ሰጥቼ፣ ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ፣ ከተነፈሰው ኳስ ጋር ተፋጥጬ ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያዋ ልጅ ገባች። "እንዴት ነሽ?" ስላት "ደህና" አለችኝ። "ጎሽ" ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ልማድ ክፉ ነው። ስለ ሒሳብ ትምህርቷ አወራንና መልሼ ጠየቅኋት። የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም። የዚያን ዕለት ማታ እራት አልበላሁም፤ በሞቴ ያለኝም ሰው አልነበረም።

ጉባኤው ዓርብ አለቀ። ቅዳሜ ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። እሑድም ዝግ ነው። የእህቷ ሱቅ በዓይኔ እየመጣ ዋለ፤ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ፣ ለገበያተኛው ሁሉ ደህና ነኝ ስትል። አልቀየምኋትም። እንዲያውም ይሻላት ይሆናል አልሁ። ግን ከፋኝ፤ በጣም ከፋኝ።

ሰኞ ጠዋት ክፍሏን ከፍቼ፣ እንግዲህ እስከ ሰኔ መመላለሴ ነው እያልሁ አቧራ ስጠርግ በሩ ተንኳኳ። የመንገድ ሻንጣዋን እንደ ያዘች ቆማለች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ ከመኪና ወርዳ ቤቷ እንኳ አልገባችም።

"እንዴት ነሽ?" አልኋት። ደህና ትለኛለች፣ ስለ ጉባኤው እናወራለን፣ ከዚያ መልሼ እጠይቃታለሁ ብዬ ነበር።

"ደህና አይደለሁም፣ መምህር" አለች። "ልቀመጥ?"

ከወንበሯ ልነሣላት ስል በእጇ ከለከለችኝ። ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ተማሪዎቹ የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔም ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።