አሥራ ሁለት ለስምንት ሲካፈል

ጎንደር ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው ዋኘው ካልኩሌተር ነክቶ አያውቅም። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን ያሳለፈው ብሎን ሲፈታና ሲያስር ነው። ሒሳብ በቃሉ ሲሠራ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፤ ከዚያ መልሱን እንደ ዳኛ ፍርድ ይናገራል። ሰዉ «ዋኘው ካለ አለቀ» ይላል። እሱም አመነ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚለው ተረት ለሴት ብቻ የተተረተ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል።

ትርንጎ ከአይከል የመጣችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጇን ኤሌኒን አስከትላ፣ በነጠላ የተጠቀለለ አሮጌ የኮምፒውተር ዲስክ ይዛ ነው። ባሏ እንዳልካቸው የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነበር። ያገር ሙሽራ ሲያነሳ ኖሮ እሱ ራሱ ቪዲዮ ካሜራ ፊት የቆመው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በገዛ ሠርጉ፣ ጓደኛው ሲያነሳው። ኤሌኒ ገና ሳትድህ ሞተ። ልጅቱ የምታውቀው የመታወቂያ ፎቶውን ነው፤ አባቷን ሲራመድም ሲናገርም አይታው አታውቅም።

ዲስኩ ታሟል። ዋኘው ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ባስቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አራት ጊዜ ሞከረ፤ በአምስተኛው ተነሳ። «አሁን ከጠፋ ዳግም መነሳቱን እንጃ» አለ። ሰዓቱ አምስት ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ለመስመር ጥገና መብራት እንደሚጠፋ ተነግሯል፤ የሱቁ መጠባበቂያ ባትሪ ከሞተ ከርሟል።

ዲስኩ ላይ እንዳልካቸው ያስቀመጠው ሠላሳ ስድስት ጊጋባይት ሠርግ አለ፤ በተራ የትርንጎ የመጨረሻው ነው። ዋኘው ዓይኑን ጨፈነ። አሮጌው ዲስክ በሰከንድ መቶ ሠላሳ ሦስት ሜጋባይት ይሰጣል። ቅጂው ወደሚያርፍበት አዲስ ዲስክ የሚያስወጣው የዩኤስቢ ገመድ ቀዳዳ ላይ ያለው ቁጥር ግን አሥራ ሁለት ነው። መንገድ የሚለካው በጠባቡ በኩል ነውና አሥራ ሁለትን ያዘ። ሠላሳ ስድስት ሺህ ሜጋባይት ለአሥራ ሁለት፣ ሦስት ሺህ ሰከንድ።

«ሃምሳ ደቂቃ» ብሎ ፈረደ።

«ምነው አያ ዋኘው፣ የኛን ብታስቀድመው?» አለች ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ያንቺ ሙሽራ የት ይሄድብሻል? የታመመ ዲስክ ወዲያ ወዲህ ሲሉት ይደክማል፤ በተራው ይምጣ። በሃምሳ ደቂቃ ያይከልን ሠርግ በሙሉ አስረክብሻለሁ።»

መገልበጡን እንዳስጀመረው ኮምፒውተሩ ራሱ «ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይቀራል» ብሎ ጻፈ። ዋኘው ሳቀ። «ይሄ ሲጀምር ሁልጊዜ ይዋሻል» ብሎ፣ አንድ መሥሪያ ቤት የተበላሸ ማተሚያ ሊያይ ወጣ።

ማተሚያው አስቸገረው። ሲመለስ ሰባት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። እናትና ልጅ ከወንበራቸው አልተነሱም። ከሠላሳ ስድስቱ የተገለበጠው አሥራ ሁለቱ ብቻ ነው። ትርንጎ መዘግየቱን አይታ ነበር፤ ግን ባለሙያን ማን ይጠይቃል ብላ ዝም አለች።

ዋኘው ባለበት ቆሞ ቀረ። የድሮው ዲስክ ቁጥር በባይት ነው፤ እሱም ያደገው በዚያ ቁጥር ነው። የገመድ ቀዳዳ ግን ያኔም ዛሬም የሚቆጠረው በቢት ነው። ስምንት ቢት ተሰብስቦ ነው አንድ ባይት የሚሆነው። አሥራ ሁለት ለስምንት ሲካፈል አንድ ተኩል። ለስንቱ ተለማማጅ ያስተማረውን! መጀመሪያውኑ ቢያካፍል ኖሮ ሁሉም እንደማይደርስ አውቆ የትርንጎን ያስቀድም ነበር፤ የሷ ብቻውን ሁለት ሰዓት አይፈጅም። አሁን የቀረው አርባ ደቂቃ ነው። አፈረ፤ ከማፈሩም ይልቅ ፈራ።

ሌላውን አቋርጦ የትርንጎን ሠርግ አስጀመረ። ሦስት ክፍል ነው። ጎረቤት ሱቅ ሮጦ ጄኔሬተር ለመነ፤ ጄኔሬተር አለ፣ ቤንዚን የለም። ተመልሶ አጠገባቸው ቁጭ አለ። ሦስቱም የተገለበጠውን ልክ በሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ላይ አፈጠጡ፤ ማፍጠጥ ግን አያፈጥነውም። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ። ሁለተኛው እንደጀመረ መብራት ጠፋ፤ ዲስኩ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ቆመ።

እናትና ልጅ አዘዞ ዘመድ ቤት አድረው በጠዋት ተመለሱ። መብራት መጥቷል። ዋኘው አሥር ጊዜ ሞከረ። ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል እንጂ አይዞርም። ሲያንኳኳው፣ ሲያቀዘቅዘው፣ ስለቱንም ሲሳል አረፈደ።

«ትርንጎ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ለስምንት ማካፈል ነበረብኝ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም፤ ሐዘኑ ግን ገባት። «እስቲ ያለውን አሳየን» አለችው።

የመጀመሪያው ክፍል የሙሽራዋ ቤት ነው። ትርንጎ ነጭ ለብሳ መሬት መሬት ታያለች፤ አክስቶቿ ይራወጣሉ፤ ዳሱ ጢም ብሏል። ከዚያ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፣ እልልታው ቀለጠ። ሚዜዎቿ እንደ ወጉ በሩ ላይ ተደርድረው ለሙሽራው መግቢያ ከለከሉ። ከውጭ የወንዶች ጭፈራ ይሰማል። አንድ እጅ በበሩ ክፍተት ገባ፤ ሴቶቹ እየሳቁ ገፍተው መለሱት።

ኤሌኒ ስክሪኑን ልትነካው ደረሰች። «እማ፣ የትኛው ነው አባዬ?»

«ገና ነው ልጄ። ውጭ ነው ያለው፤ አሁን ይገባል።»

ቪዲዮው እዚያ ላይ አለቀ።

ኤሌኒ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች። ዋኘው ሌላ የሚያደርገው ስላጣ መልሶ ከመጀመሪያው አስጀመረው።