ጥፍር የሚይዝ ብርጭቆ

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር ለጥየቃ በሄድንበት ቤት ነው። አክስቴ ውሃ የቀረበላትን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አንስታ ጎኑ ላይ ያለውን የኮከብ ቅርጽ አየችና፣ ሰው ፊት መናገር ለምፈራው ለእኔ አቀበለችኝ።

"እስኪ በጥፍርሽ ዳበስ አድርጊው። በእጅ የተቀረጸ ነው ወይስ በማሽን የታተመ?"

"ጠርዙ ጥፍሬን ይይዛል፤ የእጅ ነው" አልኩ በሹክሹክታ።

"ጮክ በዪ እንጂ! የቤቱ እመቤትም ትስማ።"

ከዚያ ወዲህ በየሄድንበት ቤት ይህንኑ ትጠይቀኝ ነበር።

አክስቴ ሞታ፣ በለቅሶዋ ቀን ጎረቤታችን ካዋሱን ብርጭቆዎች በአንዱ ውሃ ሲሰጡኝ የቅርጹ ጠርዝ ጥፍሬን ያዘው። ልነግራት ዞር ስል አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆዎቹን አጥቤ ለጎረቤታችን መለስኩ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "እትዬ፣ እነዚህ በእጅ የተቀረጹ ናቸው" አልኩ፤ ጮክ ብዬ።