ከጭቃ ሹሙ ጋር በቁራኛ

ደብረ ማርቆስ ያስገቡኝ እስር ቤት ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ የሻገተ ገብስ ሽታ ነው፤ የሰዉ ሽታ ከዚያ ቀጠለ። መስኮት የሚባል የለም፤ ከጣሪያው ሥር አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለች። ጥግ የያዙ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝና "ተጠጋ ልጄ፣ ብርድ ነው" አሉኝ። በደጉ ጊዜ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ለጣሊያን አልፈርድም ብለው ነው የታሰሩት።

የእኔ ጥፋት "ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል" የሚል ነው። አላቀበልኩም። ባቀብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ከአምበር ማዶ ካለችው ማሳዬ ያን ዓመት ለራሴም የሚበቃ አልወጣም። ግብር የሚሰበስብብንና በመንደር ጠብ የሚዳኘን ጭቃ ሹም ሳይጠራኝ፣ ሳይጠይቀኝ ፈረደብኝና ለጣሊያን አሳልፎ ሰጠኝ። ቤቴን አቃጠሉት። ሰንብቶ ደግሞ "ነገ ጣሊያኑ ሻለቃ ፊት ትቀርባለህ" ተባልኩ። ስንቅ አቀባይ የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን፤ ገመድ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ያው ጭቃ ሹም ተገፍትሮ ገባ። ከመንደሩ ጠመንጃ ሰብስብ ተብሎ አልሞላለትም። ጋቢው ገና ንጹሕ ነበር። ከእስረኞቹ ሁለቱ ተነሡ። ሊያንቁት እንደሆነ ገባኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

"በሕግ አምላክ" አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

በእኛ አገር ይህ ቃል ከተጠራ እጁን የዘረጋም ይሰበስባል። ሰዎቹ ባሉበት ቆሙ።

"ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ሹም አይደለም። የበደለው ሰው ካለ ይክሰሰው። ከሳሽ አለ?"

"አለሁ አባቴ" አልኩ።

"እንግዲያው ተቆራኙ።"

በቁራኛ ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ፍርዱ እስኪፈጸም አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የእኔን ቡትቶ ከእሱ ጋቢ ጋር ቋጠሩትና ቤቴን ካስቃጠለብኝ ሰው ጋር ክንድ ለክንድ ተነካክቼ ተቀመጥኩ። መናደድ ነበረብኝ፤ ግን ደክሞኝ ነበር።

በሙግት ወግ "ተጠየቅ" ማለት ሲገባኝ ከልማዴ የተነሣ "ይጠየቁ" አልኩት። አንዱ እስረኛ ሳቀብኝ።

"ስንቅ ሳቀብል ያየኝ ማን ነው?"

"ማንም አላየህም።"

"ታዲያ ለምን ፈረዱብኝ?"

ጋቢውን ሊሰበስብ ሲል ቋጠሮው ያዘው። ሽማግሌው "መልስ" አሉት።

"አንድ ሰው አምጣ አሉኝ። አንተ ወንድም የለህም፣ አማች የለህም። የሚጮህልህ የለም ብዬ ነው።"

እስከዚያ ድረስ ቂም ይዞብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ቂም ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌው ብዙ አልቆዩም። "ሹም የሰው ቃል ሳይሰማ እንዲፈርድ አልተሾመም። ፍርድህ ፈርሷል። የወነጀልከው ሻለቃው ፊት ነው፤ ቃልህን የምታነሣውም እዚያው ፊቱ ነው። እስከዚያ ቋጠሮው አይፈታም።"

"ይገድሉኛል" አለ።

"እሱን ሊገድሉት አይደል?"

ጠዋት ዘበኛው እኔን ጠራ። ተነሣሁና የሹሙ እጅ ወደ ቋጠሮው እስኪሄድ ጠበቅሁ። አልሄደም። እሱም ጉልበቱን ይዞ ተነሣ።

"አንተን ማን ጠራህ?" አለው ዘበኛው።

"ቁራኛ ነኝ።"

ዘበኛው ያገር ልጅ ነው፤ ቋጠሮውን አየና አሳለፈን።

ሻለቃው ፊት ሹሙ እንዲህ አለ፦ "ይህ ሰው ስንቅ አላቀበለም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።" አስተርጓሚው አዘነለት መሰለኝ፣ "እርግጠኛ ነህ፣ ልንገረው?" አለው። "ንገረው" አለ።

ሻለቃው ስለ ቋጠሮው ጠየቀ፤ ሲነገረው ሳቀ። ከዚያ ፈረደ። እኔ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ልፈልጥ፣ እሱ መንግሥትን በማታለል ሊሰቀል። ስንቅ ካላቀበልኩ ድንጋዩን ስለ ምን እንደምፈልጥ የጠየቀ የለም። ከዚያ ሰውዬ በላይ ይግባኝ የሚባልበት አልነበረም።

አንዱ ወታደር ቋጠሮውን ሊቆርጥ ጩቤውን መዘዘ።

"ቆይ" አለ ሹሙ። "ከሳሼ ነው የሚፈታኝ።" ወደ እኔ ዞረ። "የተፈረደብኝን ፈጽሜያለሁ?"

"ፈጽመዋል" አልኩ።

ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ስለነበር ለመፍታት ጊዜ ወሰደብኝ። ወታደሩ ጠበቀ። ሹሙ ጋቢውን አስተካክሎ ለበሰና ወጣ።

አገር ነጻ ከወጣ ወዲህ ማሳዬን የቀማኝን ሌላ ሹም ከስሼ ደብረ ማርቆስ ስመላለስ አረጀሁ። ዳኛው ይቀየራል፣ ቀጠሮው ይራዘማል፤ ተከሳሹ አንድ ቀን ቀርቦ አያውቅም። የችሎቱ ደጅ ላይ ስቀመጥ ያን ሰው አስበዋለሁ። ይቅር አላልኩትም። ነገር ግን በዕድሜዬ ከሹም ጋር ተሟግቼ፣ ሹሙ በገዛ እግሩ ሄዶ የፈጸመልኝ ፍርድ ያ ብቻ ነው።