አሮጌው ጃቫ

መሬት ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጃቫ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ተጭኖ ነበር፤ አሮጌውና አዲሱ። በየትኛው እንደሚሠራ ኮምፒውተሩን ስጠይቀው ዝርዝር ያወጣል፤ ከተመረጠው ጎን ኮከብ ትቀመጣለች። ለመቀየር ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው። እኔ ግን ከቡሬ ተመርቄ የመጣሁ አዋቂ ነኛ! አዲስ እያለ አሮጌ ምን ይሠራል ብዬ አሮጌውን ጠራርጌ አጠፋሁት።

በማግሥቱ የመሬት ይዞታ መዝገቡ አልከፈት አለ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የሠራው ፕሮግራም የሚነሣው በአሮጌው ብቻ ኖሯል። ሰውዬው አገር ለቋል፤ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት ሆኖታል። እኛ ዘንድ ያኔ ፕሮግራም የሚገኘው በፍላሽ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነበር። የአሮጌው ቅጂ እኔም ጋ ነበረ፤ ፊልም ላስገለብጥበት ብዬ ፍላሹን ባዶ አድርጌዋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያው ሳምንት ከጅጋ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንዲት እናት በእግራቸው መጡ። ባላቸው ሞተዋል፤ የይዞታ ደብተሩም ከቤት ጋር ተቃጥሏል። የባላቸው ወንድም ድንበሩ ዋርካው ሳይሆን ከዋርካው ወዲህ ያለው ቦይ ነው ብሎ ማሳቸውን ገፍቷል። ነገሩን የያዙት ሽማግሌዎች አዋሳኙን የሚያሳይ ወረቀት እስከ ሚካኤል እንዲያመጡ ነግረዋቸዋል።

«ማሽኑ ታሟል፣ እናቴ። ሰሞኑን ይመለሱ» አልኳቸው።

«እግዜር ይማረው» አሉ፤ ከልባቸው ነው።

ፍኖተ ሰላምን አዳረስኩ፣ ቡሬ ወርጄ የማውቀውን ሁሉ ለመንኩ። ሁሉም ጋ ያለው አዲሱ ነው፤ እንደኔው ብልጦች ናቸው። እሳቸው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው «የበደልኩት ሰው ይኖር ይሆን ልጄ፣ እንዲህ የሚዘጋብኝ?» አሉኝ። እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። አፈርኩ፣ ፈራሁም።

ሚካኤል አለፈ። ሽማግሌዎቹ ቦዩን ድንበር አድርገው አስታረቁ። ሁለቱም ምለው ስለተነሡ ነገሩ አይቀሰቀስም።

ኢንተርኔት ሲመለስ አሮጌውን አውርጄ ጫንኩ፣ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ኮከቧ ቦታዋን ያዘች። መዝገቡ ወዲያው ተከፈተ። አትሜ ቤታቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። ከዋርካው ሥር የወንድምየው በቆሎ እሸት ይዟል።

ማንበብ ስለማይችሉ አንብብልኝ አሉኝ። በምሥራቅ መንገዱ፣ በምዕራብ ወንዙ፣ በሰሜን የቤተ ክርስቲያኑ መሬት፣ በደቡብ ዋርካው።

«ልክ ነው» አሉ፣ ወረቀቱን መልሰው እየሰጡኝ። «እኔም ዋርካው ነው ብያቸው ነበር።»