ባለወፏ ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችን የጥገና ሠራተኛ ኮምፒውተሬን ከፍቶ እፍ ሲልበት፣ ያ የጋለ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እንጅባራ፣ ሳሎናችን ውስጥ፣ ከአባቴ የልብስ ስፌት መኪና አጠገብ መልሶ አስቀመጠኝ። የልጅነት ሽታ ነውና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ፊቴ ጋለ፤ ልክ እንደዚያን ጊዜው አፈርኩ።

ኮምፒውተሩን የሠራው ወንድሜ ናቲ ነው። ባሕር ዳር ኮሌጅ ይማር ስለነበር ክረምት ክረምት በሚኒባስ ሲመጣ ከልብሱ መሃል አንዳንድ ዕቃ ያወጣ ነበር፤ አንድ ጊዜ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላ ጊዜ ራም፣ በመጨረሻም ጌም የሚያጫውተውን ካርድ በካልሲ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እኛ ወለል ላይ ተንበርክከን ገጣጠምነው። ሳጥኑ የጎን መዝጊያ ስላልነበረው አባቴ ለመዘምራን ልብስ ከቆረጠው ሐምራዊ ጨርቅ በተረፈው ልክክ ያለ መጋረጃ ሰፋለት። አባቴ ልብስ ሰፊና የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበር፤ ስፌቱ ከተዛነፈ ፈትቶ እንደ አዲስ የሚጀምር፣ ቃሉ ከተዛነፈ ደግሞ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው።

ናቲ ሁለት ዲስክ ይዞ ነበር። በአንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ዊንዶውስ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሌላው ሊኑክስ የሚባል፣ ለሁሉም በነጻ የሚታደል ነበር። ከሁለቱ አንዱ ካልተጫነበት ማሽኑ ባዶ ቆርቆሮ መሆኑን፣ ደህና ደህናዎቹ ጌሞች ደግሞ የሚሠሩት በዊንዶውሱ ላይ መሆኑን ለአባቴ አስረዳው። አባቴ መቀሱን አስቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ባለቤቱ ያውቃል?»

«አባዬ፣ አገር ምድሩ የሚጠቀመው ይሄንኑ ቅጂ ነው እኮ።»

«አገር ምድሩ ስለወሰደው ባለቤት የለውም ማለት ነው? ነጻውን ጫን።»

እናቴ ከጓዳ ሆና በአዊኛ አንድ ነገር አጉተመተመች። ከእንጅባራ አለፍ ብሎ ያለው የግምጃ ቤት ገጠር ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ለቤትም ለገበያም ይበቃት ነበር፣ ሰው በተሰበሰበበት ግን ይስቁብኛል ብላ አፏን አትከፍትም፣ ጸሎት ሲደርሳት እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምትጸልየው።

መስከረም ጠባና ናቲ ሄደ። እኔ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ «የጌም ኮምፒውተር አለን» ብዬ ትምህርት ቤት አውርቼ ነበርና የክፍል ልጆች ጭቃቸውን እየጎተቱ መጡ። ናቲ ሊኑክሱ ላይ የጫነልኝ ጨዋታ አንድ ብቻ ነበር፤ አንዲት ወፍ በሆዷ ተኝታ በረዶ ላይ ትንሸራተታለች፣ አለቀ። «የመኪና ውድድሩስ?» አሉኝ። የለም ስላቸው ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ከዚያ ወዲያ ስሜ «ባለወፏ» ሆነ። በአባቴ አፈርኩ፣ በሰፋው መጋረጃም አፈርኩ፤ ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር እናቴ ጉያ ተሸጉጬ አለቅስ ነበር።

በጋው ገብቶ አባቴ ጨርቅ ሊገዛ ዳንግላ የሄደ ቀን ቤት ስደርስ ሳጥኑ ቦታው ላይ የለም። ትንሽ ቆይቶ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመና እናቴ ሳጥኑን በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወረደች። ኮምፒውተር ቤት ወስዳ «ልጆች የሚወዱትን ጫንበት» ብላ ዊንዶውሱን አስጭናው ነበር።

«አባትሽን እኔው እነግረዋለሁ፤ ብቻ ቀኑን ልየው» አለችኝ።

ቀኑ ግን አልመጣም። እኔ መኪናዬን እነዳ ነበር፣ የሳቁብኝም ልጆች ተመልሰው ወረፋ ይይዙ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ከስፌቱ ቀና ብሎ «ወፏስ የት ሄደች?» ሲለኝ «ተኝታለች» አልኩት። አምኖኝ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

የትንሣኤ ሰሞን የጸሎት ቤቱ ኮምፒውተር ተበላሸና የመዝሙሩን ግጥም ግድግዳው ላይ የሚያሳይ ማሽን ጠፋ። አባቴ የእኛን እሰጣለሁ አለ። እኔና እናቴ ተያየን። እሑድ ጠዋት መጋረጃውን በእጁ እያስተካከለ ለጉባኤው «ይህ የልጆቼ ማሽን ነው፤ አንድም የተሰረቀ ነገር የለበትም» አለ። ስለ ኮፒ ዲስክ ስንት ጊዜ የገሠጻቸው ወጣቶች ከኋላ ተጎሻሸሙ። እኔ ማውሱን ይዤ ፊት ተቀምጫለሁ። አንዱ መዘምር አዲስ መዝሙር ላውርድ ብሎ ኢንተርኔት አገናኘው፤ ትንሽ እንደቆየ መዝሙሩ መሃል ላይ ግጥሙን የሚሸፍን ጽሑፍ ግድግዳውን ሞልቶ ብቅ አለ። ይህ የዊንዶውስ ቅጂ እውነተኛ አይደለም ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ወጣቶቹ ቀድመው አነበቡትና ዝማሬው ከኋላ እየሳሳ መጥቶ ቆመ። አባቴ እንግሊዝኛ ሳይማር ነው መርፌ የያዘው።

«ቤቲ፣ ምን ይላል?» አለኝ።

አንብቤዋለሁ። «አላውቅም» አልኩ።

ያኔ ከሴቶቹ ወገን እናቴ ተነሣች። የእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አትለይም፤ ነገሩን ያነበበችው ከእኔ ፊት ላይ ነው። የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ «ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም» አለች። ቃሏ አልተሰናከለም። ልጄ እያለቀሰች አስጨንቃኝ ነው አላለችም። እኔ ተነሥቼ አጠገቧ ብቆም ይበቃ ነበር፤ ግን አቀርቅሬ ጽሑፉን ለመዝጋት ማውሱን እጫን ነበር፣ እሱም እየተዘጋ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

አባቴ ሶኬቱን ነቅሎ «እንግዲህ በቃላችን እንዘምር» አለ። ዘመርን። በሳምንቱ በገዛ ፈቃዱ ከሽምግልናው ወረደ። እናቴን ሲቆጣት አልሰማሁም፤ ክረምት ናቲ ሲመጣ ብቻ ነጻውን መልሶ እንዲጭን አዘዘውና ወፏ ወደ በረዶዋ ተመለሰች።

ዛሬ ነገሩ የቤታችን ቀልድ ሆኗል። በዓል ስንሰበሰብ አባቴ ለናቲ ትንሽ ልጅ «አያትሽ እኮ መኪና ልንዳ ብላ ከሽምግልና ያወረደችኝ ናት» ይላታል፤ ሁሉም ይስቃል፣ እናቴም ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። መኪናውን የፈለግሁት፣ አልቅሼ ያስጨነቅኳትም እኔ መሆኔን አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። ያኔ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፤ ልጅ ነበርኩ። አሁን ማንም አይቆጣኝም። ግን አባቴ ያን ቀልድ በጀመረ ቁጥር እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ያኔ መቆም ያቃተኝ ልጅ፣ አሁን ሳህን ላነሣ ብዬ ብድግ እላለሁ።