ሁለተኛው «ብዪ»

ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም ያልቀረው ቀይ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ይሄ ሁሉ ትዝታ የመጣብኝ። ቦታው ሳይጎን ነው፣ ቬትናም፤ ባለፈው የካቲት። ሚኒያፖሊስን በረዶ ውስጥ እንደተቀበረች ትቻት ወጥቼ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስወጣ ወላፈኑ ፊቴን ገረፈኝ። መንገድ መሻገር እንኳን አቅቶኝ ነበር። ሞተር ሳይክሉ አያልቅ፣ አይቆም! አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ዝም ብላ ገብታ በዝግታ ስትራመድ፣ ሞተሩ ሁሉ በግራ በቀኟ ሲያልፍላት አየሁና፣ በስምህ ጌታዬ ብዬ ከኋላዋ ተከተልኳት። ተሻግሬ «እሰይ!» የሚለኝ ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ። ማን ይኑር፣ የመጣሁት ብቻዬን ነው።

የበርጩማው ባለቤት ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። ከትልቅ ብረት ድስት የሩዝ አጥሚት እየቀዱ ለመንገደኛው ይሸጣሉ፤ ዝንጅብሉ ከሩቅ ይሸታል። አጠገባቸው ስልክ ላይ የተተከለች የልጅ ልጃቸውን «አን ዲ ኮን!» አሏት። ቬትናምኛ አልችልም። ይቺን ግን አውቃታለሁ። «ብዪ፣ ልጄ» ማለት ናት። ሰው መሀል ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ።

ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ከደሴ ተነስተን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሲዋርድ ሰፈር አንድ አፓርትመንት ስንገባ፣ እናቴ ወረቀቷ አላልቅ ብሎ እዚያው ቀርታ ነበር። ስትሸኘኝ ጸጉሬን እየነካካች «ሰው ቤት ብዪ ሲሉሽ ቶሎ እሺ እንዳትዪ፤ አታሰድቢኝ» ነው ያለችኝ። የኔ ዘመን ልጆች መቼም ይሄን አትረሱትም። ሰው ቤት ተሂዶ ሳህን ሲቀርብ፣ መጀመሪያ የሚታየው ምግቡ ሳይሆን የእናት ዓይን ነው። ሆድ እየጮኸ «በልቻለሁ» ይባላል። ባለቤቲቱ «በሞቴ!» ትላለች። «እውነት ጠግቤያለሁ።» «እኔ ልሙት!» ይሄኔ የእናት ዓይን ይለሰልሳል፣ እጅም ይዘረጋል። የሚዋሽም የሚታለልም የለም፤ ወጉ ነው።

ችግሩ ሚኒሶታ ይሄን ወግ አታውቀውም። ትምህርት በጀመርኩ ሰሞን ክፍላችን ፒዛ መጣ። የቀለጠው አይብ ሽታ ክፍሉን ሞላው። መምህሯ ካርቶኑን ይዛ ፊቴ ቆመች። «ኖ ታንክ ዩ» አልኩ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ እናቴ ብታየኝ በምትኮራበት አኳኋን። «ኦኬ ስዊቲ» ብላ አለፈችኝ። ትመለሳለች ብዬ እጄን ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ካርቶኑ ክፍሉን ዞሮ ባዶውን ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ጉድ እኮ ነው! ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

አባቴ ታክሲ ሲነዳ ውሎ ሲመጣ ነገርኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ሁለተኛ የለም። እንቢ ካልሽ እንቢ ነው፤ ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አምኖሽ ነው» አለኝ። «ታዲያ እሺ ልበል?» ስለው ጫማውን እያወለቀ «እናትሽ ስትመጣ ጠይቂያት» አለ። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው እሺ ካልኩ እናቴን የረሳኋት ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ በሄድኩበት ሁሉ ኖ ታንክ ዩ ማለቴን ቀጠልኩ። ልደት ላይ ኬክ፣ ኖ። አውቶቡስ ውስጥ ከረሜላ፣ ኖ። ልጆቹ ቀስ በቀስ መጠየቁንም ተዉት፤ ከዚያ አብሮ መቀመጡም ቀረ። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ለጠላቴም አልመኝ።

ከኛ በታች ባለው ቤት የክፍል ጓደኛዬ የሊን አያት፣ የሳይጎን ሴት፣ ይኖሩ ነበር። ሊን «ባ» ትላቸዋለች፣ አያት ማለት ነው፤ እኔም ባ አልኳቸው። አባቴ እስኪመጣ ደረጃው ላይ እጠብቅ ስለነበር፣ አንድ ብርዳም ቀን ሊን እጄን ይዛ አስገባችኝ። ቤቱ ዓሣና ዝንጅብል ይሸታል። ባ እንፋሎት የሚያወጣ የሩዝ አጥሚት በጎድጓዳ ሳህን ፊቴ አስቀመጡ። «ኖ ታንክ ዩ» አልኩ፣ የለመድኩትን። ሳህኑ አልተነሳም። «አን ዲ ኮን» አሉኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፣ ጠግቤያለሁ ለማለት እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። ባ ማንኪያውን አንስተው መዳፌ ውስጥ ከተቱ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ፣ ከዚያ ልክ እንደ ደሴ ሴቶች ተቆጡ። «አን ዲ!»

ገባኝ። በሞቴ እያሉኝ ነው! ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ፤ ያን የቁጣ ፊት እያየሁ እንባዬንና አጥሚቱን ቀላቅዬ ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንቢ እላለሁ፣ በየቀኑ ይቆጡኛል። ሊን «ለምንድነው መጀመሪያውኑ ዬስ የማትዪው?» ብላ ስትናደድ ባ ዝም በያት ይሏታል። ሳህኑ ከመጉደሉ ደግሞ ሳይጠይቁ ይጨምሩበታል፤ የዚያን ቤት ሳህን ታቹን አይቼው አላውቅም። አንዴ በሊን አስተርጓሚነት «ሳይጎን ብትሄጂ መንገዱ ሁሉ ብዪ ይልሻል» አሉኝ። አመንኳቸው።

እናቴ መጣች፣ ተመስገን። ወዲያው ከከተማው ዳር ብሩክሊን ፓርክ ገባን፤ የባ ቤት ያለ መኪና የማይደረስበት ሩቅ አገር ሆነብኝ። ባ ዐረፉ፣ ሊን ቴክሳስ ሄደች። እናቴም ሁለት ሺፍት ስትሠራ አገሩን ለመደችው። አሁን ልጠይቃት ቤቷ ስሄድ «ፍሪጅ ውስጥ አለልሽ» ነው የምትለኝ፤ ያቺ የዓይን ንግሥት! እኔም ሮቢንስዴል ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። ብሬክ ሲደርስ ፓርኪንግ ሎት ወርጄ መኪናዬ ውስጥ፣ መሪው ላይ ሳህኔን አስደግፌ እበላለሁ። ሰው ምሳውን ቢያቀርብልኝ «አይም ጉድ»፣ ይቅርብኝ፣ እላለሁ፤ እዚያው ያልቃል።

ለዚህ ነበር የዓመት ዕረፍቴን ይዤ ሳይጎን የሄድኩት። የባ መንገድ አንድ ቀን ብዪ እንዲለኝ። አጥሚት ሻጯ ሴትዮ ጭልፋውን ወደኔ አነሱ፤ ልቅዳልሽ ማለታቸው ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ! ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፣ እጄ ብድግ ብሎ ሆዴ ላይ ዐረፈ። እሺ ብለው ሞተሩ ላይ ወደተቀመጠ ደንበኛ ዞሩ። ምን ያድርጉ፣ ነጋዴ ናቸው፣ አመኑኝ። እኔ ግን ጠበቅኩ። ጎልማሳ ሴትዮ፣ ከዓለም ጫፍ መጥቼ፣ የፒዛውን ካርቶን እንደጠበቅኩት ጭልፋውን ጠበቅኩ። ድስቱ እየጎደለ ሄደ።

«በሞቴ ብዪ» አልኩ፣ በአማርኛ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ለራሴ። ሴትየዋ ቀና ብለው አዩኝ። በጣቴ ሳህን አሳየኋቸው፤ ቀዱልኝ። ዝንጅብሉ ያው የባ ዝንጅብል ነው። ቀስ ብዬ በላሁ፣ ሲያልቅም ሳህኑን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፣ ምናልባት ሳልጠይቅ ይጨምሩልኝ እንደሆነ ብዬ። የባ ሳህን ታቹ ላይ ምን ተስሎበት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። የዚህኛው ሰማያዊ ዓሣ ነው።